የዘላለም ቀለበት አመራረጥና አጠቃቀም፦ ዝርዝር መመሪያ

የዘላለም ቀለበት፣ ብዙዎች ኢተርኒቲ እያሉ የሚጠሩት፣ መጠናቸውና አቆራረጣቸው አንድ ዓይነት የሆኑ ትናንሽ ፈርጦች ተከታትለው የተሰኩበት የወርቅ ወይም የፕላቲነም ቀለበት ነው። ከእጮኝነት ቀለበት የሚለየው ከሌሎቹ ጎልቶ የሚታይ አንድ ትልቅ ፈርጥ ስለሌለው ነው። ከጋብቻ ቀለበት የሚለየው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሠርጉ ዓመታት በኋላ፣ የጋብቻ በዓል ሲከበር ወይም ልጅ ሲወለድ የሚሰጥ በመሆኑ ነው። ዛሬ በምናውቀው መልኩ በሰፊው የተስፋፋው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በወቅቱ የዓለምን የአልማዝ ገበያ ይቆጣጠር የነበረው ደ ቢርስ የተባለ ኩባንያ ከሳይቤሪያ በብዛት ይወጡ ለነበሩት ትናንሽ አልማዞች ገዢ ለማግኘት ሲል በትዳር ለቆዩ ጥንዶች አስተዋውቆታል።

የዚህ ቀለበት ውበትም ችግርም የሚመነጨው ከአንድ ነገር ነው፤ ዙሪያውን የሚያቋርጥ ባዶ ቦታ የለውም። ተራ ቀለበት ሲጠብ ወይም ሲሰፋ ወርቅ ሠሪው ከሥሩ ቆርጦ ጥቂት ወርቅ ይጨምርበታል ወይም ይቀንስለታል። ዙሪያውን በፈርጥ የተሞላ ቀለበት ግን እንዲህ የሚቆረጥበት ቦታ ስለሌለው በግዢው ቀን የተሳተ ልክ በቀላሉ አይታረምም። አብዛኛው ሰው ምርጫውን የሚጀምረው ከፈርጡ ነው፤ ስንት ካራት እንደሆነና ምን ያህል እንደሚያበራ ይጠይቃል። እኔ ግን ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ መጀመሪያ ጣቱ፣ ቀጥሎ እጁ በየቀኑ የሚሠራው ሥራ፣ ከዚያ የፈርጡ አያያዝና ብረቱ፣ በመጨረሻም ፈርጡ ራሱ። ይህ መመሪያ የሚሄደውም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው።

አንደኛ፦ ጣትን በትክክል መለካት

የጣት ውፍረት ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በብርድ ይቀጥናል፤ በሙቀት፣ ከአካል እንቅስቃሴ በኋላ፣ ጨው የበዛበት ምግብ ከተበላ በኋላና ብዙ ጊዜም ከእንቅልፍ እንደተነሡ ያብጣል። ስለዚህ ሰውነትዎ በተለመደው ሙቀቱ ላይ ሳለ፣ በተለይም ከቀትር በኋላ ይለኩ፤ በሌላ ቀንም ደግመው ይለኩና ውጤቶቹን ያነጻጽሩ። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም በቅርቡ የወለደች ሴት ጣቷ ለወራት ወደ ቀድሞ ልኩ ላይመለስ ይችላል። ይህ ቀለበት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በልጅ መወለድ ምክንያት በመሆኑ፣ ስጦታው የሚገዛበት ጊዜና ጣት ከሁሉ በላይ የሚያታልልበት ጊዜ ይገጣጠማሉ። በዚህ ሁኔታ ከእርግዝናው በፊት በነበረው ልክ መግዛት ወይም ጥቂት ወራት መታገሥ ይሻላል።

ወረቀት ወይም ክር ጠምጥሞ መለካት ግምት ለመያዝ ይረዳል እንጂ ለዚህ ዓይነት ቀለበት አይበቃም። ምክንያቱ በቁጥር ሲታይ ግልጽ ይሆናል፤ በአሜሪካ አለካክ ቁጥር 6 የሚባለው ቀለበት የውስጥ ዙሪያው 51.9 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ቁጥር 7 ደግሞ 54.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በግማሽ ቁጥር መካከል ያለው ልዩነት እንግዲህ ከ1.3 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ክሩ በጥቂቱ ከላላ ወይም ከጠበቀ ይህን ያህል ስሕተት ይፈጠራል። ትክክለኛው መንገድ ወደ ጌጣጌጥ ቤት ሄዶ በመለኪያ ቀለበቶች መለካት ነው። የሚገዙት ቀለበት ስፋቱ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ መለኪያውም ሰፊ እንዲሆን ይጠይቁ፤ ሰፊ ቀለበት ብዙ ሥጋ ስለሚሸፍን ከቀጭኑ ይልቅ ይጠብቃል፤ ከሩብ እስከ ግማሽ ቁጥር ከፍ ማድረግም ሊያስፈልግ ይችላል።

ልኩ ተስማሚ መሆኑ የሚታወቀው በጣት አንጓ ላይ ነው። ቀለበቱ ሲገባ በጥቂቱ ታግሎ ማለፍ፣ ሲወጣ ደግሞ ከዚያ የበለጠ መታገል አለበት። እጅ ወደ ታች ተደርጎ ሲራገፍ የሚንሸራተት ከሆነ ሰፍቷል፤ ሲወልቅ ቆዳውን አጥፎ የሚሰበስብ ከሆነ ጠቧል። አንጓቸው ከጣታቸው ሥር በግልጽ የሚወፍር ሰዎች አንጓውን የሚያልፍ ቀለበት ከሥር ይዞርባቸዋል። እንዲህ ላለ እጅ ዙሪያውን በሙሉ ፈርጥ ያለበት ቀለበት ጥቅም አለው፤ ቢዞርም ፊቱ አንድ ዓይነት ነው።

ስጦታውን በድብቅ መስጠት የፈለገ ሰው ተቀባይዋ በዚያው እጅ፣ በዚያው ጣት የምታደርገውን ቀለበት ለአንድ ሰዓት ወስዶ ማስለካት አለበት። የሌላ ጣት ወይም የሌላ እጅ ቀለበት አያገለግልም፤ ብዙ የምንሠራበት እጅ ጣት አብዛኛውን ጊዜ ከሌላው ትንሽ ይወፍራልና።

ሁለተኛ፦ ሙሉ፣ ሦስት ሩብ ወይስ ግማሽ

ሙሉው ዙሪያውን በጠቅላላ ፈርጥ ያለበት ነው። ግማሹ ፈርጥ ያለው በላይኛው ገጽ ብቻ ሆኖ በመዳፍ በኩል ያለው ግማሽ ልሙጥ ብረት ነው። ሦስት ሩቡ በሁለቱ መካከል ይገኛል፤ ከላይና ከጎን ሲታይ ሙሉ መስሎ ይታያል፣ ከሥሩ ግን ወርቅ ሠሪ ሊሠራበት የሚችል ትንሽ ልሙጥ ቦታ ይተርፈዋል።

ምርጫው የሚወሰነው እጁ ቀኑን ሙሉ በሚይዘው ነገር ነው። የመኪና መሪ፣ የቦርሳ ማንጠልጠያ፣ የመጥረጊያ እጀታ፣ የብረት ድስት ጆሮ፣ የስፖርት ክብደት፣ ሁሉም የሚጫኑት በመዳፍ በኩል ያለውን የቀለበቱን ክፍል ነው። በሙሉው ቀለበት በዚያ በኩል ያሉት ፈርጦች በየቀኑ ይመታሉ፤ የሚይዟቸው የብረት ጥፍሮችም በቶሎ ይሳሳሉ። እጃቸው ብዙ ለሚሠራ ሰዎች፣ እንዲሁም ክብደታቸው የሚለዋወጥ ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ላለባቸው፣ ሦስት ሩቡን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ዋጋው ከሙሉው ይቀንሳል፣ ልኩም በተወሰነ መጠን ሊስተካከል ይችላል፣ ከላይ የሚያይ ሰውም ልዩነቱን አያውቅም። ሙሉው የሚገባው ልኩ ለዓመታት ሳይለወጥ ለቆየ ጣትና ለተለዩ ቀናት ብቻ ለሚደረግ ቀለበት ነው። ግማሹን የሚመርጥ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይጠንቀቅ፤ ልኩ ትንሽ እንኳ ከሰፋ የፈርጦቹ ክብደት ወደ ታች ስለሚጎትተው ልሙጡ ጎን ወደ ላይ ይዞራል። ወርቅ ሠሪ በቀለበቱ ውስጥ፣ ከሥሩ ግራና ቀኝ፣ ሁለት ትናንሽ የወርቅ ጉብታዎች ቢያበጅለት መዞሩ ይቀንሳል።

ሦስተኛ፦ ፈርጡ የሚያዝበት መንገድ

ለቀለበቱ ዕድሜ ከሁሉ የበለጠ የሚወስነው ይህ ነው፤ ገዢዎች ብዙም የማይጠይቁትም ይህንኑ ነው።

በጥፍር የተያዘው ዓይነት እያንዳንዱን ፈርጥ በትናንሽ የብረት ጥፍሮች ጨብጦ ይይዛል፤ ብዙ ጊዜም ሁለት ጎረቤት ፈርጦች አንድ ጥፍር ይጋራሉ። ብረቱ ጥቂት በመሆኑ ብርሃን ከጎንም ከሥርም ይገባል፣ ፈርጦቹም እጅግ ያበራሉ። ጉዳቱ ጥፍሮቹ ሹራብና ፀጉር መያዛቸው፣ በጊዜ ብዛትም መሳሳታቸው ነው። ጥፍሩ የጋራ ከሆነ አንዱ ሲሰበር የሚላሉት ፈርጦች ሁለት ናቸው።

በቦይ የተያዘው ፈርጦቹን በሁለት ትይዩ የብረት ግድግዳዎች መካከል አሰልፎ ያስቀምጣል። ላዩ ለስላሳ ስለሆነ ምንም አይዝም፣ ጠርዞቻቸውም በግድግዳው ስለተሸፈኑ ይጠበቃሉ፤ በተለይ ማዕዘን ያላቸው አራት መዓዘን ፈርጦች ከሁሉ ይልቅ የሚስማማቸው ይህ ነው። ነገር ግን ግድግዳው በኃይለኛ ምት ከተጣመመ አንድ ሳይሆን ብዙ ፈርጦች በአንድ ጊዜ ሊላሉ ይችላሉ፤ ከሥር የሚጠራቀም ቆሻሻም ለማውጣት ይከብዳል።

እያንዳንዱ ፈርጥ ዙሪያውን በቀጭን የብረት ከንፈር የተከበበበት አሠራር ከሁሉ የጸና ነው። የፈርጡ መልክ ትንሽ አንሶ ይታያል፣ ጥንካሬው ግን በየዕለቱ ሳይወልቅ ለሚደረግ ቀለበት ወደር የለውም። ፓቬ የሚባለው፣ እጅግ ጥቃቅን ፈርጦች በብረቱ ገጽ ላይ ተነጥፈው በጥቃቅን ነጥቦች የሚያዙበት፣ ሲታይ የሚያምር ቢሆንም ፈርጥ መጣል የሚቀናው ነው፤ ሁልጊዜ እንዲደረግ የታሰበ ቀለበት በዚህ አሠራር ባይገዛ ጥሩ ነው።

አራተኛ፦ ብረቱ

ንጹሕ ወርቅ 24 ካራት ነው፤ ለፈርጥ ግን በጣም ለስላሳ ስለሆነ ከሌላ ብረት ጋር ይቀየጣል። 18 ካራት ማለት ከ1000 እጅ 750ው ወርቅ የሆነ፣ 14 ካራት ማለት 585ቱ ወርቅ የሆነ ማለት ነው፤ ቁጥሮቹ በቀለበቱ ውስጥ ታትመው ይገኛሉ። ፕላቲነም አብዛኛውን ጊዜ 950 የሚል ማኅተም አለው። ፕላቲነም ከወርቅ ይከብዳል፤ ሲጫርም ብረቱ ወደ ጎን ይገፋል እንጂ ብዙ አይጠፋም፤ ስለዚህ ጥፍሮቹ ለረጅም ጊዜ ይቆያሉ። ላዩ ግን በጊዜ ብዛት ይደበዝዛል፤ ይህን መልክ የሚወዱ አሉ፣ የማይወዱ ደግሞ ያስወለውሉታል።

ነጭ ወርቅ የሚያብረቀርቅ ነጭነቱን የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ከላዩ ከተቀባው፣ ሮዲየም ከሚባለው ነጭ ብረት ነው። ቅቡ በአጠቃቀሙ መጠን ይለቅና ከሥሩ ያለው ወደ ቢጫ የሚያደላ ቀለም ይወጣል፤ በዚህ ጊዜ እንደገና ማስቀባት ያስፈልጋል። አንዳንድ ነጭ ወርቅ የሚቀየጠው በኒኬል በመሆኑ ቆዳቸው የሚቆጣ ሰዎች በፓላዲየም የተቀየጠውን ወይም ፕላቲነምን ይምረጡ። ቀለበቱ ከሌላ ቀለበት ጎን የሚደረግ ከሆነ ሁለቱ ከአንድ ዓይነት ብረት ቢሠሩ ይመረጣል፤ ጠንካራው ለስላሳውን ይበላዋልና።

አምስተኛ፦ ፈርጡን መምረጥ

ፈርጥ ለመጫር ያለው መቋቋም የሚነገረው ከ1 እስከ 10 በሚሄደው የሞስ መለኪያ ነው። አልማዝ 10 ነው፤ ሰንፔርና ሩቢ 9 ናቸው፤ ኤመራልድ ከ7.5 እስከ 8 ይደርሳል፤ ኦፓል ከ6.5 አይበልጥም፤ ዕንቁ ደግሞ ከ4.5 አይበልጥም። በዚህ ዓይነት ቀለበት ፈርጦቹ በሁሉም አቅጣጫ ስለሚጋለጡ ከ9 በታች የሆነውን ለየዕለቱ ባላስበው ይሻላል እላለሁ። ኤመራልድን በተለይ ማንሣት ያስፈልጋል፤ ቁጥሩ ዝቅተኛ ባይሆንም በውስጡ የተፈጥሮ ስንጥቆች ስለሚበዙበትና ብዙ ጊዜም ስንጥቆቹ በዘይት ስለሚሞሉ፣ ምትንም ሙቅ ውኃንም አይወድም። አልማዝም ቢሆን አይጫር እንጂ አይሸረፍም ማለት አይደለም፤ በጠርዙ ላይ በተወሰነ አቅጣጫ ከተመታ ይሸረፋል።

የፈርጥ ካራት ከወርቁ ካራት የተለየ የክብደት መለኪያ ነው፤ አንድ ካራት 0.2 ግራም ነው። በዘላለም ቀለበት ላይ የሚነገረው ካራት የፈርጦቹ ሁሉ ድምር ስለሆነ የአንዱ ፈርጥ መጠን ምን ያህል እንደሆነ ለይቶ መጠየቅ ይገባል። 2 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ አልማዝ 0.03 ካራት ገደማ፣ 3 ሚሊ ሜትር ያለው ደግሞ 0.10 ካራት ገደማ ይመዝናል። በቁጥር 7 ልክ የተሠራ ሙሉ ቀለበት ባለ 3 ሚሊ ሜትር ፈርጦች 20 ያህል ስለሚይዝ ድምሩ ወደ 2 ካራት ይጠጋል። ይህ ግን ዋጋው ከአንድ ባለ 2 ካራት አልማዝ እጅግ ያነሰ ነው፤ ትልቅ ድንጋይ ብርቅ በመሆኑ የአንዱ ካራት ዋጋ ከመጠኑ ጋር ይጨምራልና። ቀጭን ጣት ላይ ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር ያለው ፈርጥ አይከብድም፣ ጎረቤት ጣቶችንም አይገፋም፤ ከ3.5 ሚሊ ሜትር በላይ ሲሆን ቀለበቱ ቁመቱም ስለሚጨምር ጣቶችን ገጥሞ መያዝ ይቸግራል።

የአልማዝ ቀለም ከዲ እስከ ዜድ ባሉት ፊደላት ይመደባል፤ ዲ ፍጹም ቀለም የለሽ ነው። ለጥቃቅን ፈርጦች ከፍተኛውን ደረጃ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ጂ ወይም ኤች ደረጃ ያላቸው በነጭ ብረት ላይ ነጭ ሆነው ይታያሉ፤ በቢጫ ወርቅ ላይ ከዚያም ዝቅ ማለት ይቻላል። ከደረጃው በላይ የሚያስፈልገው አንድ ዓይነትነት ነው፤ ከሃያዎቹ አንዱ ትንሽ ቢጫ ቢል ወይም ጠለቅ ብሎ ቢሰካ ዓይን ሁልጊዜ የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው።

በቤተ ሙከራ የተሠራ አልማዝ በኬሚካዊ ይዘቱም በጥንካሬውም ከማዕድን ከወጣው አይለይም፣ ዋጋው ግን ይቀንሳል። በዓይን አይለይም፤ የሚለየው በመሣሪያ ብቻ ነው። ሁለቱም የሚያሳፍሩ አይደሉም፤ ዋናው ነገር የትኛው እንደተሸጠልዎ በደረሰኙ ላይ በግልጽ መጻፉ ነው።

ስድስተኛ፦ ከመክፈል በፊት መመርመር

ሻጩን 10 ጊዜ የሚያጎላ መነጽር ይጠይቁትና ቀለበቱን በደማቅ ብርሃን ሥር በጎኑ ይዘው ቀስ እያሉ ያዙሩት። የፈርጦቹ ገጽ በአንድ መስመር መሄድ አለበት፤ አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ ካለ አሰካኩ ተቻኩሏል ማለት ነው። እያንዳንዱ ጥፍር በፈርጡ ላይ ሙሉ በሙሉ ተኝቶ መቀመጥ ይኖርበታል፤ በጥፍሩና በፈርጡ መካከል ቀጭን ጥቁር መስመር ከታየ ጥፍሩ አልነካውም። ቀጥሎ ቀለበቱን በለስላሳ ጥጥ ላይ ይጎትቱት፤ አንዱ ጥፍር የጥጥ ክር ከያዘ ያ ጥፍር ተነሥቷል። ከጆሮዎ አጠገብ አድርገው በጣትዎ ቀስ ብለው መታ መታ ያድርጉት፤ የላላ ፈርጥ ካለ ደቃቅ ድምፅ ያሰማል። የውስጡንም ገጽ ይዩ፤ ከየፈርጡ ጀርባ ያለው ቀዳዳ ጠርዙ የጠራ ከሆነ ሥራው በጥንቃቄ የተሠራ ነው፤ ቀዳዳው ለጽዳትም ይረዳል። የብረቱ ውፍረት ከ1.5 ሚሊ ሜትር ካነሰ በጊዜ ብዛት ስለሚጣመም ይተዉት።

ሦስት ጥያቄዎች በጽሑፍ ምላሽ ያግኙ፤ ልኩ ባይሆን ሻጩ በሌላ ይለውጣል ወይ፣ ፈርጥ ቢወድቅ እስከ መቼ በነጻ ይተካል፣ የየፈርጡ ስፋት በሚሊ ሜትር ስንት ነው። የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ቢመስልም፣ ከዓመታት በኋላ አንድ ፈርጥ ጠፍቶ ተመሳሳዩ ሲፈለግ ብዙ ልፋት ያድናል።

ሰባተኛ፦ አደራረጉ

በአንድ ጣት ላይ ሲደራረቡ ብዙዎች የሚከተሉት ቅደም ተከተል የጋብቻው ቀለበት ከሥር፣ የእጮኝነቱ ቀጥሎ፣ የዘላለሙ ከላይ እንዲሆን ነው። ይህ ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም፤ የጋብቻውን መሀል አድርጎ ሁለቱን በፈርጥ ማጀብም ይቻላል። ከአቀማመጡ ይልቅ የሚያሳስበው መፋተጉ ነው። በጥፍር የተያዙ የአልማዝ ጠርዞች ከቀለበቱ ጎን ትንሽ ወጣ ስለሚሉ አጠገባቸው ያለውን ወርቅ እንደ ሞረድ ይበሉታል፤ ሁለት ባለ ፈርጥ ቀለበቶች ጎን ለጎን ከሆኑ ደግሞ አልማዝ አልማዝን ይሸርፋል። መፍትሔው በመካከላቸው አንድ ቀጭን ልሙጥ ቀለበት ማስገባት፣ ወይም ጎኑ በብረት የተሸፈነ የቦይ አሠራር መምረጥ፣ አለዚያም የዘላለሙን ቀለበት በሌላው እጅ ለብቻው ማድረግ ነው። እኔ የምወደው የመጨረሻውን ነው፤ ቀለበቱ ራሱን ችሎ ይታያል፣ ሌሎቹም አይጎዱም።

በመኝታ፣ በስፖርት፣ በማሽን ሥራና ከባድ ዕቃ ሲነሣ መውለቅ አለበት። ተንጠልጥሎ ወይም ተይዞ የቀረ ቀለበት የጣትን ቆዳና ሥጋ ሊገፍፍ ይችላል፤ ይህ የሚደርስ አደጋ ነው። ክሎሪን ባለበት የመዋኛ ገንዳና በረኪና ሲነካ ደግሞ በወርቁ ውስጥ ያሉት ሌሎች ብረቶች ስለሚጠቁ ጥፍሮቹ ተሰባሪ ይሆናሉ። በቀዝቃዛ ውኃ ሲዋኙ ጣት ስለሚቀጥን ቀለበቱ ሳይታወቅ ሊወልቅም ይችላል።

ስምንተኛ፦ ጽዳትና ምርመራ

አልማዝ ቅባት ይስባል፤ ሎሽንና ሳሙና ከሥሩ ሲጠራቀሙ ብርሃኑ ይደበዝዛል። ለብ ባለ ውኃ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምረው ቀለበቱን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይዘፍዝፉት፤ ከዚያ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ በተለይ ከውስጥ በኩል ያሹት። ሲያለቀልቁ በሳህን ውስጥ ይሁን እንጂ ክፍት በሆነ የመታጠቢያ ገንዳ ላይ አይሁን። የጥርስ ሳሙና ወርቁን ስለሚጭር አይጠቀሙበት። በድምፅ ሞገድ የሚያጸዱ መሣሪያዎች ለኤመራልድና ለኦፓል አይሆኑም፤ ፓቬ አሠራር ያለውንም ፈርጥ ሊያላሉ ይችላሉ። ቀለበቱን ሲያስቀምጡ ለብቻው በጨርቅ ይጠቅልሉት፤ በየስድስት ወሩም ወርቅ ሠሪ ጥፍሮቹን እንዲያይ ያድርጉ።

ጣት አብጦ ቀለበቱ አልወጣ ካለ እጁን ከልብ ከፍታ በላይ ለጥቂት ደቂቃ ይያዙ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ይንከሩት፣ ከዚያ ሳሙና ወይም ቅባት ቀብተው እያዞሩ ይሳቡ። በጉልበት መጎተት እብጠቱን ያብሳል። ጣቱ ከደነዘዘ፣ ከጠቆረ ወይም ከነጣ ጊዜ ሳያጠፉ ወደ ሕክምና ይሂዱ። ቀለበቱ መቆረጥ ካለበት መቁረጫው በፈርጥ ላይ ሳይሆን በሁለት ፈርጦች መካከል ባለው ብረት፣ በሦስት ሩቡ ደግሞ በልሙጡ ቦታ ላይ እንዲያርፍ ይንገሩ። ብረቱ ሲከፈት ጎረቤት ፈርጦች ስለሚላሉ ከሥር ነጭ ጨርቅ ይዘርጉ፤ የወደቁትንም ከቀለበቱ ጋር በአንድ ፖስታ አሽገው ለወርቅ ሠሪው ይውሰዱለት።